«ማልትማን»ን በአማርኛ ምን ልበለው?

ጀማሪ ተርጓሚ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስኮትላንድ ገጠር ውስጥ የሚካሄድ አጭር ልብወለድ እየተረጎምኩ ነው። አንድ ሽማግሌ አለ፣ ሥራው «ማልትማን» ይላል። መዝገበ ቃላት ሳይ የማልትስተር የድሮ አጠራር ነው፣ ብቅል የሚያዘጋጅ ሰው። «ጠማቂ» ብዬ አለፍኩት። ግን ሰውዬው ሌሊት እየተነሳ በእንጨት አካፋ እህል ሲያገላብጥ ያድራል። ጠማቂ አካፋ ምን ያደርግለታል? ደግሞ «ጦጣ ትከሻ» ይሉታል። ስድብ ነው?

ቃል ለቃሚ፦ ጠማቂን አጥፋው ወንድሜ። የጠማቂው ሥራ የሚጀምረው ይኼኛው ሲጨርስ ነው። እኔ ብሆን «ብቅለኛ» እለዋለሁ፣ ፈረሰኛ፣ መንገደኛ እንደምንለው።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ብቅለኛ? የቸኮለ አንባቢ «በቀለኛ» ብሎ ያነበዋል! ምስኪኑን ሽማግሌ ቂመኛ አደረጋችሁት። «ብቅል አብቃይ» በለው፣ ሰምቶት የማያውቅም ይገባዋል።

ቃል ለቃሚ፦ ሃሃሃ ተረታሁ።

ገብሱ፦ አካፋው ልክ ነው። ገብሱ ሁለት ሦስት ቀን ይዘፈዘፋል፣ በመሀል ውሃው እየተደፋ። ከዚያ ሰፊ ወለል ላይ ተሰጥቶ ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ ይበቅላል። ሲበቅል ደግሞ ይግላል፤ ዝም ካሉት ሥሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ እንደ ምንጣፍ ይያያዛል፣ ሙቀቱም ያበላሸዋል፣ ስለዚህ ቀን የለ ሌሊት የለ በየጥቂት ሰዓቱ ማገላበጥ ነው። በመጨረሻ በእሳት ሙቀት ይደርቅና እድገቱ ይቆማል። ጦጣ ትከሻ ስድብ ሳይሆን የሥራው ሕመም ነው። ዕድሜውን አካፋ ሲያነሳ የኖረ ሰው ትከሻው ይጎዳና ክንዱ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ጀማሪ ተርጓሚ፦ ለካ! «ክንዱን አንጠልጥሎ ገባ» የሚል ነበር፣ እኔ የሰከረ መስሎኝ «እየተንገዳገደ» ብዬዋለሁ። አንድ የቀረኝ፦ መለኪያ ዘንግ የያዘ ሰው መጥቶ ክምሩን ይለካል፣ ሁሉም ይጠሉታል። ብቅል ገዢ ነው?

ቀይ እስክሪብቶ፦ ቀረጥ ሰብሳቢ ይሆናል። ብሪታንያ ውስጥ የብቅል ግብር እስከ 1880 ድረስ ነበር፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። በ1725 ስኮትላንድ ላይ ሲጠነክር ግላስጎው ውስጥ ሕዝብ ተነስቶ ነበር። «ገዢ» ካልከው ጥላቻው ትርጉም ያጣል።

ጀማሪ ተርጓሚ፦ ኑሩልኝ። ሰካራሙን ላስተካክል ሄድኩ።