ሎድ ጭኜ መንገድ ላይ ካምፓኒው ተዘጋ፣ ምን ላድርግ?

ሾፌር 80፦
ወገን ቶሎ መልሱልኝ። ኖርዝ ፕላት፣ ነብራስካ ትራክ ስቶፕ ላይ ቆሜያለሁ። የነዳጅ ካርዱ ከማታ ጀምሮ እምቢ አለ። ሥራ የሚመድብልኝ የዲስፓቸሩ ስልክ ዝግ ነው፣ የቢሮው ይጠራል ግን የሚያነሳ የለም። አሁን አንድ የካምፓኒያችን ልጅ ደውሎ «ግቢው ተቆልፏል፣ ሰው የለም» አለኝ። ከኋላዬ በረዶ የሆነ የአሳማ ሥጋ አለ፣ ከአዮዋ ወደ ካሊፎርኒያ። የሪፈሩ፣ የትሬለሩ ማቀዝቀዣ፣ ናፍጣ ወደ ማለቁ ነው። የሁለት ሳምንት ደሞዝ አለኝ። ገንዘቤን እስኪሰጡኝ ሎዱን ይዤ ብቆይስ?

ማይል ቆጣሪ፦
ለብሮከሩ፣ ሎዱን ላገናኘው ደላላ፣ ደውል። ሌላው ይደርሳል።

ጋሼ ናፍጣ፦
ይኸው እኮ! ካምፓኒ ከመግባታችሁ በፊት አጣሩ ስንል «ማይሉ ጥሩ ነው» ትላላችሁ። አዲስ ነገር መሰላችሁ? በ2009 ለፈረንጆች ገና ቀናት ሲቀሩ ተልሳ ኦክላሆማ የነበረው አሮው ትራኪንግ ድንገት ተዘጋ፣ ካርዱ ቀጥ አለ፣ ሾፌሩ በየመንገዱ ቀረ። በዲሴምበር 2019 ሴላደን እንዲሁ። በ2023 የሎው፣ ያ መቶ ዓመት ሊሞላው የነበረው፣ ወደ 30,000 ሠራተኛ በተነ። ምልክቱ ቀድሞ ይታያል። ደሞዝ ሲዘገይ፣ ጎማ ቤቱ ለካምፓኒያችሁ በዱቤ አልሠራም ሲል፣ ያኔ ነበር መውጣት።

ሾፌር 80፦
ጋሼ እሺ፣ ግን ሪፈሩ አሁን እየጮኸ ነው።

ዳላስ ነኝ፦
የማትበላውን ሥጋ ስትጠብቅ ልታድር ነው እንግዲህ። ሃሃሃ። አይዞህ ወንድሜ።

ተጠራጣሪው፦
ቆይ፣ ተዘጋ ያለህ ማን ነው? አንድ ልጅ? ካርድ እኮ በብዙ ምክንያት ይቆለፋል። የኔ ካምፓኒ ሂሳብ ሳይከፍል ቆይቶ አንድ ሙሉ ቀን ቆሜ አውቃለሁ፣ ዛሬም እዚያው እየሠራሁ ነው። ዝም ብለህ ሰው አታሸብር። ደግሞ ትራኩ የማን ነው? ያንተ ነው፣ የካምፓኒው ነው፣ ሊዝ ነው? ይሄን ሳትነግረን ምን ብለን እንመልስ?

ሾፌር 80፦
የካምፓኒው ነው። በ1099 ነው የሚከፍሉኝ፣ እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ኮንትራክተር።

የኦሮራዋ፦
ወንድሜ፣ ሎዱን ይዞ መቆየት የሚባለውን ከአእምሮህ አውጣ። ሥጋው የካምፓኒህ እንኳን አይደለም፣ የደንበኛው ነው። ስርቆት ብለው ፖሊስ ይጠሩብሃል። ትራኩን ጥለህም አትሂድ፣ ካምፓኒዎች የሚያዩት የሥራ ታሪክህ፣ ዳክ ሪፖርትህ ላይ «ትራክ ጥሎ ሄደ» ተብሎ ከተጻፈ ቀጣዩ ካምፓኒ አያናግርህም። አሁኑኑ ሪፈሩን እይ። ኮንቲኒየስ (ሳያቋርጥ የሚሠራበት) ላይ ከሆነና ቢሉ፣ የጭነቱ ወረቀት፣ ላይ ኮንቲኒየስ ይሁን የሚል ካልተጻፈ፣ ወደ ስታርት ስቶፕ (ሲያስፈልግ ብቻ የሚነሳበት) መልሰው፣ ናፍጣ ይቆጥብልሃል። ከዚያ የትሬለሩን ማኅተም፣ የሪፈሩን ዲግሪ፣ የናፍጣውን ጌጅ፣ ኦዶሜትሩን ፎቶ አንሳ። የኢኤልዲ ሎግህን፣ የመንዳት ሰዓት መዝገብህን፣ ለራስህ ኢሜይል አድርግ፣ አካውንቱ ከተዘጋ አታገኘውም። ማይልህን የምታስረዳው በሱ ነው።

ማይል ቆጣሪ፦
ለብሮከሩ ደውል አልኩ እኮ። ቁጥሩ ከሌለህ ቢል ኦፍ ሌዲንጉ ላይ የጫነልህ ድርጅት ስልክ አለ፣ እነሱ ብሮከሩን ይሰጡሃል። ሥጋው እንዳይበላሽበት ናፍጣ ራሱ ሊከፍል፣ ወይ ሌላ ትራክ ሊልክ ይችላል። የሚልህን ሁሉ በጽሑፍ ተቀበል።

ባለ ሦስት ሚራር፦
ናፍጣውን ሽጠህ ቲኬት ቁረጥ።

የኦሮራዋ፦
አትስማው።

ወረቀት ወዳጅ፦
ስለ ደሞዙ። ካምፓኒው ባንክረፕሲ (የኪሳራ ክስ) ከገባ ፍርድ ቤቱ ጋ የይገባኛል ቅጽ ሙላ። ከመዘጋቱ በፊት ባሉት 180 ቀናት የሠራህበት ደሞዝ እስከ 17,150 ዶላር ድረስ ከተራ አበዳሪዎች ይቀድማል። ሳይገባ ዝም ብሎ ከተዘጋ የካምፓኒው ስቴት የሥራ ቢሮ ጋ ክስ አስገባ። 1099 ነኝ ብለህ አትተወው፤ የነሱን ትራክ እየነዳህ፣ በነሱ ዲስፓች እየሄድክ ኮንትራክተር ነህ ማለታቸው ራሱ ያከራክራል። 100 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ካላቸው ደግሞ ከመዝጋታቸው በፊት የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ ይስጡ የሚል ሕግ አለ፣ እሱን ግን ጠበቃ ጠይቅ። ሊዝ ላይ ያላችሁ ሌሎቻችሁ፣ ኤስክሮው፣ ካምፓኒው የያዘባችሁ የመያዣ ገንዘብ፣ ውሉ ካበቃ በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት።

ተጠራጣሪው፦
ገንዘብ ከሌለው ካምፓኒ በቅጽ ገንዘብ ይወጣል? ስንቱ ሞልቶ ቀረ።

ወረቀት ወዳጅ፦
ያልሞላው ግን ሰልፉ ውስጥም የለም።

የኦሮራዋ፦
ሾፌር 80፣ ከኖርዝ ፕላት እኛ ጋ፣ ኦሮራ ኮሎራዶ፣ በ76 መንገድ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ሎዱን ካስረከብክና ትራኩን የት እንደምታቆም በጽሑፍ ከተነገረህ መጥቼ ወይ ሰው ልኬ እወስድሃለሁ። ቁጥሬን በውስጥ ልኬልሃለሁ። ብሮከሩ ምን አለ?

ዳላስ ነኝ፦
ምነው ዝም አለ? ስልኩም ባትሪ ዘጋ እንዴ?

አዲስ ሲዲኤል፦
ወንድም፣ የካምፓኒውን ስም በውስጥ ጻፍልኝ እባክህ። የኔም ካርድ ትናንት እምቢ እምቢ ብሎ በኋላ ነው የሠራው፣ ነገ ጠዋት ደግሞ ሎድ አንሳ ብለውኛል።