ታዳጊዎች ስለ ሞት መጠይቅ ይሙሉ? የሰሜን ሸዋ ወላጆችና መምህራን ክርክር

ጥያቄው፦ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ስለ ሞት የሚያስቡትንና የሚሰማቸውን በመጠይቅ ይለኩ ወይስ ይተውት?

እናት፣ ሸዋ ሮቢት፦ ይቅር። ልጆቻችን በ2013 አጣዬ ስትቃጠል ስንት ነገር አይተዋል። ገና መረጋጋት ሲጀምሩ «ሞትን ትፈራለህ?» የሚል ወረቀት መስጠት ቁስል መነካካት ነው። ደግሞ ሟርት ነው።

መምህር፣ ደብረ ብርሃን፦ እትዬ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ግን ልጆቹ ስለ ሞት የሚያስቡት እኛ ስለጠየቅናቸው አይደለም። ልቅሶ ሲመጣ ጎረቤት እንልካቸዋለን፤ ጩኸቱ ግን እዚያም ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከኒው ዮርክ ግዛት የወጣ ጥናት ከ2,000 በላይ ተማሪዎችን አይቷል። ራስን ስለ ማጥፋት መጠየቁ ሐሳቡን ሲያመጣባቸው አልተገኘም።

ወጣት፣ መንዝ፦ እኔም ይጠየቁ ባይ ነኝ። ግን በየትኛው መለኪያ? እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የቴምፕለር የሞት ፍርሃት መለኪያ 15 «እውነት ወይም ሐሰት» ጥያቄዎች አሉት፤ የሚሰጠው አንድ ድምር ነው። ስለ ራሱ የሚፈራ ልጅና «እናቴ ብትሞትብኝስ» እያለ የሚባንን ልጅ እኩል ነጥብ ሊያመጡ ይችላሉ። ኮሌትና ሌስተር የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጡት መለኪያ የራስን ሞት፣ የራስን አሟሟት፣ የሌላውን ሞትና የሌላውን አሟሟት ለያይተዋል። ለኛ ልጆች እሱ ይሻላል።

ነርስ፣ ደብረ ብርሃን፦ እኔን የሚያሳስበኝ ፍርሃቱ ብቻ አይደለም። የሥነ ልቦና ባለሙያው ዎንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት ባለ 32 ጥያቄ መለኪያ ሞትን መቀበልንም ይለካል። አንዱ ዓይነት ከሞት በኋላ የተሻለ ሕይወት አለ ብሎ ማመን ነው። ፍትሐትና ተዝካር እያየ ያደገ ልጅ እዚያ ላይ «አዎ» ቢል ምን ይገርማል? ሌላው ዓይነት ግን ሞትን ከዚህ ዓለም መከራ ማምለጫ አድርጎ ማየት ነው። መጠለያ ውስጥ ያለች ልጅ እዚያ ላይ ከፍተኛ ነጥብ ካመጣች ተረጋግታለች ማለት አይቻልም። በዚያው ቀን ሊያናግራት የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ወረቀቱ ስም ከሌለው ደግሞ ማን እንደሆነች አናውቅም!

እናት፦ ስም ካለውማ ልጄ እውነቱን አይጽፍም።

ነርስ፦ ልክ ነዎት እትዬ። በኮድ ይሞላ፤ ኮዱን የሚያውቀው የሠለጠነ አማካሪ ብቻ ይሁን። አማካሪ የሌለው ትምህርት ቤት ባይጀምረው ይሻላል።

መምህር፦ እንዲያ ከሆነ እኛ ዘንድሮ አንሰጥም። አማካሪ የለንም።

እናት፦ አማካሪው ሲመጣ መጀመሪያ ወላጆችን ጥሩን። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።