ለቸኮሌት ፔንሲልቬኒያ ከሄዳችሁ አይቀር ሄርሺ ብቻ ደርሳችሁ አትመለሱ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የዲሲና የሜሪላንድ አበሻ ልጆቹን ጭኖ ወደ ቸኮሌቷ ከተማ ሄርሺ ይነዳል። ሁለት ሰዓት ከምናምን መንገድ ነው። እኛም በየዓመቱ እንሄዳለን። "ከዚያ ሌላ የት እንግባ?" እያላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ ይኸው።

መጀመሪያ ሄርሺ። ቸኮሌት ወርልድ መግቢያው ነፃ ነው። ውስጡ ግን እውነተኛ ፋብሪካ እንዳይመስላችሁ፤ በ1973 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለጎብኚ ተብሎ የተከፈተ ነው። ጋሪ ላይ ቁጭ ብላችሁ ትዞራላችሁ፣ ላሞች ይዘፍኑላችኋል። የከተማው የመንገድ መብራት ሳይቀር ኪስስ በሚባለው የሄርሺ ትንሽ ሾጣጣ ቸኮሌት ቅርጽ የተሠራ ነው። ልጆች ያብዳሉ። ቸኮሌቱ ግን ያው ሰፈራችሁ ፋርማሲ ውስጥ የተደረደረው ነው። ሁለት ሰዓት ይበቃዋል።

ከዚያ አርባ ደቂቃ ያህል ነድታችሁ ሊቲትዝ ግቡ። የኔ ምርጫ እዚህ ነው፣ ዊልበር ቸኮሌት። የዊልበር በድስ የምትባለዋ ትንሽ ቸኮሌት ከ1894 ጀምሮ አለች። ቅርጿን የሚመስለው የሄርሺ ኪስስ የመጣው በ1907 ነው፤ ማን ማንን እንዳየ እናንተው ፍረዱ። አንዷን ገልብጣችሁ እዩዋት፣ ከሥር እንደ አበባ ቅጠል የተከፋፈለች ናት። የሄርሺ የወተት ቸኮሌት ለኔ ምላስ ትንሽ ይጎመዝዛል፣ ይቺ ግን ለስላሳ ናት። የሊቲትዙ ፋብሪካ በ2016 ቢዘጋም ሱቁ አለ። እዚያው ከተማ ከ1861 ጀምሮ ያለ የፕሬትዘል (ጨው የተነሰነሰበት ጥምዝ ዳቦ) ቤት አለ፣ ስተርጂስ ይባላል። ጣፋጭ ሲሰለቻችሁ ጨው ያለበት ነገር ያምራችኋል።

ለጾመኞች አንድ ነገር ልበል። ጥቁር ቸኮሌት ሁሉ የጾም አይደለም። የሄርሺ ስፔሻል ዳርክ እንኳ የወተት ቅባት አለበት። ጀርባውን ሳታነቡ አትግዙ።

ጾም ላይ ከሆናችሁ ፊላደልፊያ ሼን ኮንፌክሽነሪ ሂዱ። ማርኬት ስትሪት ላይ ነው። ቤቱ ከ1863 ጀምሮ ጣፋጭ የሚሸጥበት ነው፤ በ2011 ታድሶ እንደገና ተከፈተ። ለፈረንጆቹ ገና "ክሊር ቶይ" የሚባል ከረሜላ ይሠራሉ። የፈላ ስኳር በድሮ የብረት ቅርጽ ውስጥ ይፈስና የእንስሳ፣ የመርከብ ቅርጽ ይዞ ይወጣል። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፤ መስኮት ላይ ብትይዙት እንደ ባለቀለም መስታወት ብርሃን ያሳልፋል። ወተት የለው፣ ቅቤ የለው። የሚሸጥበት ወቅት ደግሞ ልክ የኛ የገና ጾም ላይ ነው! ልጄ ከረሜላዋን ለሦስት ቀን ሳትበላ መስኮት ላይ አስቀምጣት ነበር።

ፒትስበርግ አካባቢ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ካነንስበርግ ጎራ በሉ፤ ሳሪስ የሚባል የቸኮሌት ቤት ከ1960 ጀምሮ አለ። ቸኮሌት የተነከረው ፕሬትዘሉ ጥሩ ነው፣ አይስክሬም ቤትም አለው። ኢሪ ድረስ የሚዘልቅ ካለ ስፖንጅ ካንዲ፣ ማለትም ውስጡ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ቸኮሌት የለበሰ ከረሜላ፣ ይፈልግ፤ ፑላኮስ ከ1903 ጀምሮ ያለ ቤት ነው። ለሱ ብቻ ብዬ ግን ያን ሁሉ መንገድ አልነዳም።

እዚሁ ፔንሲልቬኒያ ባለችው ቤተልሔም የሚሠራው ፒፕስ፣ ያ የጫጩት ቅርጽ ያለው ለስላሳ ጣፋጭ፣ ከአሳማ የሚወጣ ጄላቲን (ማርጊያ) አለበት። ሙስሊም ጓደኞቻችንም የኛ ሰዎችም ይህን ሳያውቁ ለልጆች ይገዛሉ። እዚያው ቤት የሚሠራው ማይክ ኤንድ አይክ የሚባለው ከረሜላ ግን ጄላቲን የለውም።

በበጋ የምትሄዱ ከሆነ የበረዶ ሳጥን ያዙ። ባለፈው ነሐሴ አንድ ሙሉ ካርቶን የዊልበር በድስ መኪና ውስጥ ትቼ ልጆቹን ውሃ ውስጥ ላጫውት ገባሁ። ስመለስ ሁሉም አንድ ላይ ቀልጦ ጠብቆኛል። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ማሰሮ ውስጥ ገልብጣ ፍሪጅ ከተተችው፣ ሳምንቱን ሙሉ ዳቦ ላይ እየቀባን በላነው።