አባዶ፣ ሰሚት፣ ጀሞ ወይስ ኮዬ ፈጬ? ቤት ልንገዛ ነው፣ ምክራችሁን

ቤት ፈላጊዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ያለቀ ኮንዶሚኒየም ልንገዛ ነው። ከነልጆቹ አምስት ነን፤ ትልቁ አምስተኛ ክፍል ነው። የእኔ ሥራ መገናኛ፣ የባለቤቴ ሜክሲኮ፤ መኪና የለንም። አቅማችን የደረሰባቸው አራት ናቸው። የካ አባዶ ባለ ሦስት መኝታ ሁለተኛ ፎቅ፤ ሰሚት ባለ ሁለት መኝታ ምድር ቤት፤ ጀሞ ባለ ሁለት መኝታ አራተኛ ፎቅ፣ የመጨረሻው፤ ኮዬ ፈጬ ደግሞ ባለ ሦስት መኝታ ሆኖ ብርም ይተርፈናል። የኮዬው ሻጭ "ካርታው ገና ስላልወጣ በውክልና እንጨርስ" ይላል። የሰሚቱ ቤት ሳሎን መስኮቱ ጥግ ላይ ስንጥቅ አለ፤ ደላላው "የቀለም ነው" ብሎ አለፈው። ሰፈሮቹን እንዴት ታነጻጽሩልኛላችሁ? ስንጥቁስ ያሰጋል? ውክልናውስ ያዋጣል?

ተሳፋሪ፦

በመንገድ ልጀምር፣ መኪና ለሌለው ሰው ግማሹን የሚወስነው እሱ ነውና። ሁለታችሁም የምትሠሩት በምሥራቅ ምዕራቡ የባቡር መስመር ላይ ነው፤ አያት ተነስቶ በመሪ፣ በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላ አድርጎ መገናኛ፣ ከዚያ በስታዲየም ሜክሲኮን አልፎ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። በወረቀት ላይ አባዶ ያሸንፋል፤ እስከ አያት አንድ ታክሲ፣ ከዚያ ባቡር። ግን ባቡሩ በመለዋወጫ እጥረት ምልልሱ ተራርቋል፤ ጠዋት ሞልቶ ስለሚመጣ ሁለት ሦስት እየለቀቁ መቆም አለ። እንደ ተጨማሪ አማራጭ እንጂ እንደ መተማመኛ አትያዙት።

ከሰሚት መገናኛ ቅርብ ነው። ነገር ግን ሰሚት ሲባል የቱ ጋ ነው? ፍየል ቤት፣ ሳፋሪና ፔፕሲ ሁሉም "ሰሚት" ናቸው፤ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር አንድ ታክሲ ወይም ባጃጅ ይጨመራል። ከጀሞ ሜክሲኮ ቀጥታ ታክሲ አለ፣ ለባለቤትሽ ምቹ ነው። ለአንቺ ግን ከተማውን ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ማቋረጥ ነው፣ በየቀኑ። ኮዬ ከአራቱም ይርቃል፤ በቱሉ ዲምቱና ቃሊቲ ወይም በጎሮ በኩል ትወጫለሽ፣ በሁለቱም መቆራረጥ አይቀርም።

ሂሳቡን እንዲህ ሥሩት። ሁለት ሰው፣ በጉዞ ሁለት ታክሲ፣ ደርሶ መልስ፤ በቀን 8 የታክሲ ሂሳብ ነው። በወር 24 የሥራ ቀን ብንል 192። በዛሬው ታሪፍ አባዙትና ከኮዬ ከሚተርፋችሁ ብር ጋር አስተያዩት። ማታ ታክሲዎች መስመር ሲያቆራርጡ ሁለቱ ሦስት እንደሚሆንም አትርሱ። ከመግዛታችሁ በፊት ሰኞ ጠዋት 12፡30 ከብሎኩ በር ተነስታችሁ ሥራ ቦታ ድረስ ሂዱ። እሑድ ከሰዓት ደላላው በመኪና ሲያሳያችሁ ሁሉም ሰፈር 20 ደቂቃ ነው።

ውሃ ልክ፦

ስለ ስንጥቁ። "የቀለም ነው" የሚለው ቃል ለሁሉም ስንጥቅ ያገለግላል፣ ስለዚህ ምንም አይነግርሽም።

መጀመሪያ አፈሩን። ሰሚት፣ ጎሮ፣ ቡልቡላ፣ ኮዬና አቃቂ ሜዳው በብዛት ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር ነው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተርና መሬቱ ራሱ ይሰነጠቃል። ከሕንፃው ሥር ያለው መሀሉ ተሸፍኖ እርጥበቱን ይዞ ሲቆይ ዳር ዳሩ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጉዳቱም ከጥግ የሚጀምረው ለዚህ ነው። ወደ ኮተቤና ካራ ከፍታ ሲኬድ ቀይ አፈርና ድንጋይ ይበዛል። አባዶ ግን ሰፊ ስለሆነ ከብሎክ ብሎክ ይለያያል፤ እዚያ ይበልጥ የሚታየው ከላይ የሚመጣ ጎርፍና የድጋፍ ግንቡ ጤንነት ነው።

ኮንዶሚኒየም ላይ ዋናው የኮንክሪት አጽም ብዙ ጊዜ ደህና ይሆናል። የሚጎዱት በአፈሩ ላይ በቀጥታ የተቀመጡት ናቸው፤ የምድር ቤት ወለል፣ በሕንፃው ዙሪያ ያለው ንጣፍ፣ የመግቢያ ደረጃ፣ ከመሬት በታች ያለው የፍሳሽ ቧንቧ። አፈሩ ሲንቀሳቀስ ቧንቧው መገጣጠሚያው ላይ ይላቀቃል፣ ፍሳሹ ወደ አፈሩ ይገባል፣ አፈሩ በበጋም ያብጣል። የአንቺ ደግሞ ምድር ቤት ነው።

ስንጥቁን ስታዪ፦

በብሎኬቱና በኮንክሪት ምሰሶው ወይም በቢሙ (በአግድም ተሸካሚው ኮንክሪት) መገናኛ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ፀጉር የመሰለ መስመር ሁለት የተለያዩ ነገሮች የሚገናኙበት ስለሆነ የተለመደ ነው፤ ቀለም ቀቢም ያስተካክለዋል። ከመስመሩ አለፍ ብሎ ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ አንደኛው ጫፉ ሰፍቶ ሌላው የጠበበ፣ የመሠረት እንቅስቃሴ ምልክት ነው። የሲም ካርድ ጠርዝ ከገባበት አቁሚና መሐንዲስ አምጪ። ምሰሶው ወይም ቢሙ ራሱ ተሰንጥቆ ከሆነ ዋጋ መከራከርም አያስፈልግም፣ ትተሽው ውጪ።

ሌላው፣ ስንጥቁ ተለስኖ እንደገና የተከፈተ መሆኑን እዪ። የልስኑ ቀለም ከዙሪያው ይለያል። ይህ ማለት እንቅስቃሴው ዛሬም አለ። ጊዜ ካላችሁ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ስንጥቁ ላይ ጣት የሚያህል ጄሶ አቋርጣችሁ ለጥፉና ቀን ጻፉበት፤ በሳምንታት ውስጥ ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየሄደ ነው። ጊዜ ከሌላችሁ የልጆች ብይ ወለሉ ላይ በየክፍሉ ጥግ አስቀምጡ። ከሁሉም ክፍል ወደ አንድ አቅጣጫ የምትንከባለል ከሆነ ወለሉ ወደዚያ ሰምጧል። በሮቹንም ዝጉ ክፈቱ፤ የታችኛው ጠርዛቸው ተልጎ እንደሆነ በእጃችሁ ዳብሱ፣ በክረምት አልዘጋ ያለ በር ነው የሚላገው።

ከውጭ ደግሞ በሕንፃው ዙሪያ ያለው ንጣፍ ከግድግዳው ተለይቶ ክፍተት ካለ ዝናቡ በዚያ በኩል ወደ መሠረቱ ይገባል። የማንሆሉን ክዳን አስነሱና ፍሳሹ ይሄድ ወይም ይቁም እዩ። ግድግዳው ሥር ባሕር ዛፍ ካለ አፈሩን ስለሚያደርቀው ያንን ጥግ በተለይ ፈትሹ።

ሮቶ፦

ውሃን ማንም አላነሳውም። ለምሥራቁ የለገዳዲና የድሬ ግድቦች፣ ለምዕራቡ ገፈርሳ፣ ለደቡቡ የአቃቂ ጉድጓዶች ዋናዎቹ ናቸው፤ አከፋፈሉ በፈረቃ ነው። አባዶ ለለገዳዲ ቅርብ ስለሆነ ውሃ አይጠፋበትም የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ አትስሙት፤ ከፍታ ላይ ያለ ሰፈር በግፊት ነው የሚያገኘው፣ መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል።

የብሎኩን ጥበቃ "ውሃ በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት ይመጣል?" በሉት። ባለቤቱን ሳይሆን ጥበቃውን። አምስት ሰው በቁጠባ በቀን 300 ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ 2,000 ሊትር ሮቶ (የውሃ ማጠራቀሚያ) ለስድስት ቀን ያህል ይበቃል ማለት ነው። ውሃው በሳምንት አንዴ ከሆነ ጠርዝ ላይ ናችሁ። ሮቶው የት ይቀመጣል? 1,000 ሊትር ውሃ 1 ቶን ይመዝናል፤ በረንዳ ላይ የሚያስቀምጡ አሉ፣ በረንዳው ግን ለዚያ አልተሠራም። የጋራ ታንከርና ፓምፕ ያለው ብሎክ ፈልጉ፣ መዋጮውንም ጠይቁ።

የጀሞው የመጨረሻ ፎቅ ሁለት ችግር አለበት፤ የውሃ ግፊት መጨረሻ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው፣ ጣሪያው ሲያፈስም የመጀመሪያው ተጎጂ እሱ ነው። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ካለ አዲስ ቀለም እንኳ ቢደረብ ይወጣል። ምድር ቤት ደግሞ የላይኛው ሁሉ ፍሳሽ ሲዘጋ በእናንተ ሽንት ቤት ነው የሚገነፍለው። ሁለተኛ ፎቅ ከሁሉም ይሻላል።

ተሳፋሪ፦

ሮቶ እንዳለው ነው፣ ግን የመጨረሻ ፎቅን ሁሌ አትጣሉት። ጣሪያው ደህና ሆኖ የጋራ ፓምፕ ካለ በዋጋ ይቀንሳል፣ ከላይ የሚረግጥባችሁም የለም።

ባለጉዳይ፦

ወደ ውክልናው። እህቴ፣ የኮዬውን ተዪው። ምክንያቱ ሰፈሩ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ መንገዱ ነው አደገኛው።

አንደኛ፣ የኮንዶሚኒየም እጣ የወጣለት ሰው ለ5 ዓመት ለሌላ ማስተላለፍ አይችልም። ውክልና የሚሰጠው ይህን ለማለፍ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውክልና ወካዩ ሲሞት ይቋረጣል፣ በሕይወት እያለም በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ሰውየው ቢሞት ከወራሾቹ ጋር ትቀሪያለሽ፤ ቤቱም በስሙ እንደሆነ ይቆያል፣ የባንክ እዳውም እንዲሁ። ሁለተኛ፣ አዲስ አበባና ኦሮሚያ በ2014 ወሰን ከተስማሙ በኋላ በ2015 የሸገር ከተማ ተመሥርቷል፤ ኮዬ ፈጬም እዚያ ውስጥ ስላለ ካርታውን፣ መታወቂያውንና ግብሩን የሚያስተናግደው የትኛው አስተዳደር እንደሆነ ከወረዳው አረጋግጡ። ልጆቹን መንግሥት ትምህርት ቤት ለማስገባትም የነዋሪነት መታወቂያና ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ይፈለጋል።

ለሌሎቹ ሦስቱ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። ዋናውን ካርታ አይታችሁ ኮፒውን ይዛችሁ ክፍለ ከተማው መሬት አስተዳደር ሂዱ፤ ፋይሉ ላይ ያለው ስም፣ የብሎክና የቤት ቁጥር፣ ስፋቱ ከካርታው ጋር ይመሳከር። ስፋቱን በሜትር ራሳችሁ ለኩ፣ ደላላ የሚጠራው ቁጥር ደረጃውንና ኮሪደሩን ይጨምራል። ከዚያ እዳና እገዳ። የፍርድ ቤት እግድ ከፋይሉ ይታያል፤ የኮንዶሚኒየም ቤት በባንክ መያዣ ሊሆን ስለሚችል እዳው ተከፍሎ ማለቁን የሚገልጽ ደብዳቤ ከባንኩ ይውጣ።

ሻጩ ያገባ ከሆነ ባለቤቱም ወይም ባለቤቷም መፈረም አለባቸው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይተላለፍም። አላገባሁም ካለ ያላገባ ማስረጃ ያቅርብ፤ ከሞተ ሰው የወረሰ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ። ውሉ የሚጸድቀው ውልና ማስረጃ ነው። በመንደር በሦስት ምስክር ተፈርሞ የቀረ ውል ቤቱን አያሻግርም።

ቤት ፈላጊዋ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የሰሚቱን እንደገና አየነው፤ ስንጥቁ ከመስኮቱ ጥግ ወደ ኮርኒሱ በሰያፍ ይወጣል፣ ከታች ጠባብ ከላይ ሰፊ ነው፣ በሩም ሥሩ ተልጓል። ኮዬን ትተነዋል። የአባዶው ሻጭ "ነገ ቀብድ ካልሰጣችሁ ለሌላ እሸጠዋለሁ" እያለ ነው። ፋይሉን ገና አላየንም።

ውሃ ልክ፦

የሰሚቱን ተዪው። ከላይ ሰፍቶ በሰያፍ የወጣ ከተላገ በር ጋር ሲሆን የሚያቆመው ቀለም አይደለም።

ባለጉዳይ፦

ቀብድ መስጠት ይቻላል፣ ግን በጽሑፍ ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ገዥ ከውሉ ቢወጣ ቀብዱን ያጣል፣ ሻጭ ቢወጣ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ "ቀብድ" የሚለው ቃል ይጻፍ፤ "ቅድሚያ ክፍያ" ከተባለ የእጥፉ ነገር ያከራክራል። ከዚያ ይህችን አስገቡ፦ "በክፍለ ከተማው ፋይል ላይ እዳ፣ እገዳ ወይም የስም ልዩነት ከተገኘ ሻጩ ቀብዱን ሙሉ በሙሉ ይመልሳል።" የውል መጽደቂያ ቀን፣ ቤቱን ባዶ አድርጎ የሚያስረክብበት ቀን፣ የመብራትና የውሃ ውዝፍ በማን እንደሚከፈል፣ የስም ማዛወሪያውንና የቴምብሩን ክፍያ ማን እንደሚሸፍን ተጽፎ ይፈረም፣ የሻጩም ባለቤት ትፈርምበት። ብሩ በባንክ ከሂሳብ ወደ ሂሳብ ይተላለፍ። ሻጩ ያቺን አንቀጽ አልፈርምም ካለ መልሱን አግኝታችኋል።