የ2019 የታዳጊዎች ዕቅድ፦ ለፌዴሬሽኑ የምናስገባው የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ
ሰላም ወገኖች፣ የታዳጊ እግር ኳስ አሰልጣኞችና ደጋፊዎች። ቅዳሜ በተባባልነው መሠረት ለእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ለስፖርት ቢሮዎች የምናስገባውን ሐሳብ የመጀመሪያ ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ። ሦስት ጥያቄ ይዟል። አንድ፣ አዲስ ብሔራዊ የታዳጊዎች እግር ኳስ አካዳሚ ይሠራ። ሁለት፣ የአሰልጣኞች ሥልጠና ይስፋ። ሦስት፣ ከ13፣ ከ15 እና ከ17 ዓመት በታች ውድድሮች ዓመቱን ሙሉ ይካሄዱ። መግቢያው ላይ ታሪካችንን አንሥቻለሁ፦ በ1949 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) ከመሠረቱት አንዷ መሆናችንን፣ በ1954 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ማንሣታችንን፣ ከ1974 በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት መፍጀቱን። እስከ ዓርብ ማታ ያላችሁን ሁሉ ጻፉ፤ የሚቆረጥ ካለ ሳታመነቱ ቁረጡት።

ኮልፌ፣ የፕሮጀክት አሰልጣኝ
እጅህ ይባረክ። እኔ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ይውጣ ባይ ነኝ። አካዳሚማ አለን፤ አዲስ አበባ የወጣቶች ስፖርት አካዳሚ አለ፣ አሰላ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመው ማሰልጠኛ አለ። ማንኛውም አካዳሚ የሚመርጠው ሜዳ ላይ ያገኘውን ነው። እነዚያን ልጆች ማን አያቸው? በስንት ጨዋታ? አብዛኛው ልጅ የሚታየው በአንድ ቀን ሙከራ ነው። ሁለት መቶ ልጅ ተሰልፎ በየተራ ሃያ ደቂቃ ይጫወታል፣ ቁመተ ረጅሙና ሯጩ ይመረጣል። ኳሷ ሳትደርሰው ዞር ብሎ የሚቃኘው፣ ገና ያላደገው ትንሹ ልጅ ጫማውን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሦስተኛው ላይ ደግሞ የሚያሳስበኝ የዕድሜ ጉዳይ ነው። 14 ዓመት የሞላው የግራ መስመር ተጫዋች ነበረኝ። ስሙን የማልጠራው አንድ ቡድን ወደደውና «12 የሚል ካርድ ይዘህ ና» አለው። እናቱ እኔ ዘንድ መጥታ «ኮች፣ ምን ይሻለኛል?» አለችኝ። «እንዳታደርጊው» አልኳት። ልጁ ቀረ፤ በእሱ ቦታ ዕድሜውን የቀነሰው ሄደ። እናቱን መንገድ ላይ ባገኘኋት ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። ዕድሜ ጠንካራ መሠረት ሳይኖረው ሦስት እርከን ውድድር ብንጨምር የምንሸልመው ያን ሁለተኛውን ልጅ ነው።

ድሬዳዋ፣ ነባር አባል
ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ሜዳውን ረሳችሁት። የእኛ የጥጥ ፋብሪካ ቡድን፣ ጥጥ ማኅበር፣ ሻምፒዮን በነበረበት ዘመን ፋብሪካው ከነቡድኑ፣ ቡድኑ ከነሜዳው ነበር። ልምምድ ሲያልቅ ከጎሉ ጀርባ ኳስ ስናቀብል የቆየነው ልጆች ገብተን እስኪመሽ እንጫወት ነበር። አሰልጣኝ አልነበረንም፤ ኳስ የነካንበት ሰዓት ግን ለጉድ ነው። አሁን ሜዳው ሕንፃ ሆኗል፣ ያልሆነውም በኪራይ ነው። ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ተሠልጥኖ ተጫዋች ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ።

ከፍላችሁ ሣር ሜዳ አሠሩ አልልም። የትምህርት ቤቶቹ ግቢ ከ10 ሰዓት በኋላ ተቆልፎ ይመሻል። ቁልፉ ይከፈትልን በሉ። ደግሞ የ11 ዓመት ልጅ 11 ለ 11 መጫወት የለበትም። አንድ ትልቅ ሜዳ ለሁለት ተከፍሎ በወርዱ ቢሰመር በአንድ ጊዜ 28 ልጅ 7 ለ 7 ይጫወትበታል። ኳሷ ለእያንዳንዱ ቶሎ ቶሎ ትደርሰዋለች።

የሕግ ጉዳይ ተጠሪ
ጋሼ ያሉት ይግባ፤ እኔም እደግፋለሁ። ኮልፌ ያነሣውን ግን ላስፋው፤ ከሁሉ የሚቀድመው ምዝገባ ነው ብዬ አምናለሁ።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ ገና በጨቅላነቱ የተመዘገበ የልደት የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይችላል። ልጁ ኳስ ተጫዋች ይሁን አይሁን ማንም በማያውቅበት ቀን የተጻፈ ወረቀት ነው። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ዛሬ ዘጠኝና ዐሥር ዓመታቸው ነው። ሁሉም ተመዝግበዋል አልልም፤ የተመዘገቡትን ግን አሁን በታዳጊነት መዝገብ ብናስገባቸው 17 ሲሞላቸው የሚያከራክር ዕድሜ አይኖርም። ይህን ዕድል ከእኛ በፊት የነበሩ አሰልጣኞች አላገኙትም።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር። የፊፋ የዕድሜ መቁረጫ በፈረንጆቹ ጥር 1 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23፣ አንዳንድ ዓመት 22 ላይ ይውላል። ብዙ ቦታ ግን የልደት ዓመቱ ላይ 8 ተደምሮ ብቻ ይጻፋል። ከመስከረም ጀምሮ እስከዚያ ቀን ለተወለደ ልጅ የሚደመረው 7 ነው። ያለ ምንም ተንኮል፣ በስሌት ስሕተት ብቻ የልጁ እርከን ይዛባል።

ገንዘቡም እዚሁ ነው። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር በክፍያ ሲዛወር ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው 0.5 በመቶ። አራቱን የልጅነት ዓመት ያሳደገ ክለብ ከ1,000,000 ዶላር ዝውውር 10,000 ዶላር ይደርሰዋል ማለት ነው። እንደ አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዓመት 29 ጎል አግብቶ ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ የሚሄድ ልጅ ወደፊት ከእኛ ፕሮጀክቶች፣ ከሠፈር የታዳጊ ቡድኖቻችን፣ ሲወጣ መጠየቅ የሚችለው በፌዴሬሽኑ የታወቀ ክለብ ነው፤ ያውም ልጁ በዚያ ክለብ ስም የተመዘገበባቸው ዓመታት ካሉ። አብዛኞቻችን ክለብ አይደለንም። ልጁን ያሠለጠንበት ማስረጃ የአሰልጣኙ ደብተር ነው።

ወረቀት ምን ያደርጋል የሚል ካለ 2005ን ያስታውስ። ቦትስዋናን በሜዳዋ አሸንፈን፣ በሁለት ቢጫ የታገደ ተጫዋች ስለተሰለፈ ነጥቡ ተወሰደብን።

አዳማ፣ አሰልጣኝ
ምዝገባው ጥሩ። ለትልልቆቹስ? አሁን 14 እና 15 ለሆኑት ኤምአርአይ፣ ዕድሜን በእጅ አንጓ አጥንት ምስል የሚለየው ምርመራ፣ ይጠየቅ እላለሁ።

የሕግ ጉዳይ ተጠሪ
ኮች፣ ለ14 ዓመት ልጅ አይሠራም። የእጅ አንጓ ምርመራው የሚያሳየው አጥንቱ ሙሉ በሙሉ መግጠም አለመግጠሙን ነው፤ ከ17 ዓመት በታች መሆን አለመሆንን ለመለየት የተሰናዳ ነው። የ15 ዓመቱን ልጅ 13 ነው ቢሉት ምርመራው አያጋልጥም። ለብሔራዊ ቡድን ጥሪ ብቻ ይቆይ፣ ለእኛ ደረጃ ዋጋውም አይቀመስም።

አዳማ፣ አሰልጣኝ
ገባኝ። ሐሳቤን ትቻለሁ። እንግዲያው የአሰልጣኞቹ ነጥብ ይጠብብልኝ። «ሥልጠና ይስፋ» ማለት የሚጨበጥ ነገር የለውም። ሲ ላይሰንስ የተባለውን የአሰልጣኝነት ፈቃድ የያዘ ሰው ወዲያው ትልቅ ቡድን ይፈልጋል፣ ሕፃናቱ ጋ የሚቀረው ምንም ሥልጠና ያላገኘው ነው። ከ13 በታች የሚያሠለጥን ሰው ኮርሱ በነፃ ይሁንለት፣ በምላሹ ሁለት ዓመት እዚያው እርከን ላይ ይቆይ።

ሐዋሳ፣ የሴቶች ቡድን አሰልጣኝ
እስካሁን የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። «ልጁ» ይላል፣ «ልጅቷ» የሚል አንድ ቦታ የለም። ሉሲዎች፣ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን፣ በ1997 መስከረም በአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ወጥተዋል፤ ሎዛ አበራ ስዊድንና ማልታ ድረስ ሄዳ ተጫውታለች። ስለዚህ «ለሴቶችም ትኩረት ይሰጥ» የሚል ማሳረጊያ መስመር አልቀበልም።

የምፈልገው ሰዓት ነው። ሜዳ ሲደለደል ወንዶቹ ከ9 እስከ 11 ይይዙታል፣ ሴቶቹ የተረፈውን። ከ11 በኋላ የምትሠለጥን የ12 ዓመት ልጅ ከመሸ ነው የምትመለሰው፤ ወላጅ ሁለት ሳምንት ይታገሣል፣ በሦስተኛው ያስቀራታል። ከቡድኔ ካጣኋቸው መካከል ኳስ ስለጠላች የቀረች አላውቅም። ጋሼ ያሉት የትምህርት ቤት ግቢ ከተከፈተ የመጀመሪያው ፈረቃ የሴቶች ይሁን፤ ይህም በጽሑፍ ይስፈር።

ሜሪላንድ፣ ደጋፊ አባል
ከዚህ ያለን ወገኖች ለመርዳት ተዘጋጅተናል። 300 ማሊያ ለመላክ እያሰብን ነው።

ኮልፌ፣ የፕሮጀክት አሰልጣኝ
ወንድማችን፣ እግዜር ይስጥልን። ከማሊያው በፊት ቁጥር 4 ኳስ ላኩልን። ሕፃናቱ በትልቋ፣ በቁጥር 5 ነው የሚጫወቱት፤ ከብዳቸው እግራቸውን ሰብስበው ይመቷታል፣ አመታታቸውም በዚያው ይበላሻል። 40 ልጅ ሁለት ኳስ ይዞ ተራ ሲጠብቅ ማየት ያመኛል።

ሜሪላንድ፣ ደጋፊ አባል
ተረድቻለሁ። ኳስ ይሆናል።

ጸሐፊ
የተባለውን ሰብስቤ እንደገና ጽፌዋለሁ። አካዳሚው ወጥቷል። አሁን እንዲህ ይነበባል፦

«ፌዴሬሽኑ በ2019 ከ2008 ማብቂያ ወዲህ የተወለዱ ልጆችንና ልጃገረዶችን ከልደት የምስክር ወረቀታቸው ጋር የሚመዘግብበት የታዳጊዎች መዝገብ ይክፈት፤ የልደት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። የሠፈር ፕሮጀክቶች ከታወቀ ክለብ ጋር በጽሑፍ ውል ተሳስረው ልጆቻቸውን የሚያስመዘግቡበት፣ ከዝውውር የሚገኘውም ድርሻ ለፕሮጀክቱ የሚደርስበት መንገድ ይደንገግ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግቢ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለተመዘገቡ ልጆች ክፍት ይሁን፤ የመጀመሪያው ፈረቃ የልጃገረዶች ነው። በእነዚህ ግቢዎች ከ11 ዓመት በታች 7 ለ 7 ውድድር ከጥቅምት እስከ ግንቦት በየሳምንቱ ይካሄድ። ከ13 ዓመት በታች የሚያሠለጥኑ ኮርሱን በነፃ ወስደው ሁለት ዓመት በዚያው እርከን ያገልግሉ።»

መግቢያውንም አሳጠርኩት። የ1954ቱን አውጥቼ፣ በ2014 ሰኔ ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ የተጫወትነው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ እንደነበር ጻፍኩ። የልጆቻችንን ሜዳ የምንጠይቀው ለዋናው ብሔራዊ ቡድን ብቁ ሜዳ እንኳ ባልነበረበት አገር መሆኑን አንባቢው ይወቅ።

ድሬዳዋ፣ ነባር አባል
1954ን አታስወጣው። እነ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ እነ መንግሥቱ ወርቁ ይህን ያህል ሩቅ ሰዎች አይደሉም፤ እኔ በዓይኔ ያየኋቸው ናቸው። አንድ መስመር ይበቃቸዋል።

ጸሐፊ
እሺ ጋሼ፣ ይመለሳል።

አዳማ፣ አሰልጣኝ
«ከጥቅምት እስከ ግንቦት» ጥሩ ነው፣ ክረምቱ ለሠፈር ውድድር ይቅር። ግን በየሳምንቱ ከተባለ ዳኛ ከየት ይመጣል?

ሐዋሳ፣ የሴቶች ቡድን አሰልጣኝ
ከ17 በላይ የሆኑ፣ ቡድን ያላገኙ ልጆቻችንን እናሠልጥናቸው። እኔ ዘንድ ስድስት ሴት ልጆች ፊሽካ ለመያዝ ፈቃደኞች ናቸው።

ጸሐፊ
ይግባ። የውሉን ናሙና የሕግ ተጠሪያችን ይጻፍልን፣ የፈረቃውን አንቀጽ እህታችን ከሐዋሳ ትይው። የዳኞቹን የሚመለከተውን አዳማ ይያዝ። በየአካባቢያችሁ ግቢውን ለመክፈት የሚስማማ አንድ አንድ ትምህርት ቤት ብናገኝና ስማቸውን ብናያይዝ ጥያቄያችን ይጠነክራል።

ድሬዳዋ፣ ነባር አባል
የእኛን ርእሰ መምህር ነገ ጠዋት ሄጄ አነጋግራለሁ። በልጅነቱ ያሠለጠንኩት ነው።