ጥቆማ፦ ለንደን ስትመጡ የትኛውን ቀይ ፎቅ አውቶቡስ ልይ ለምትሉ

ዘመድ ጥየቃ ለንደን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚለኝ ነገር አንድ ነው፦ «ያንን ከኋላው ክፍት የሆነውን አውቶቡስ አሳየኝ።» ስሙ ሩትማስተር ነው። ዛሬ ለማየት ሦስት መንገድ አለ፤ እኔ የምመርጠውን ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከሁሉም የማስቀድመው አክተን ያለውን የለንደን ትራንስፖርት ሙዚየም መጋዘን ነው። በ1954 ለሕዝብ የታየው የመጀመሪያው ሩትማስተር፣ አርኤም 1፣ የዚህ ሙዚየም ንብረት ነው። ምህንድስናውን የመራው ቢል ዱራንት፣ መልኩን ያወጣው ደግሞ ዳግላስ ስኮት ነው። አካሉ አሉሚኒየም ነው። የከተማውን አውቶቡስ ያስተዳድር የነበረው የለንደን ትራንስፖርት ድርጅት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሃሊፋክስ የሚባለውን ቦምብ ጣይ በመሥራት ተሳትፎ ነበር፤ እዚያ የተገኘው ሙያ ነው እዚህ የዋለው። ሻንሲ የሚባል ነገር የለውም፣ ክብደቱን የሚሸከመው አካሉ ራሱ ነው። በዚህም ከቀድሞው አርቲ አውቶቡስ ቀለል ብሎ 64 ሰው ያስቀምጣል፤ አርቲ የሚያስቀምጠው 56 ነበር። በዚያ ላይ ፓወር ስቲሪንግና አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ በ1950ዎቹ! ሾፌሩን አስበው እንደሠሩት ያስታውቃል።

ውስጡ ስትገቡ ቀለሙን አስተውሉ። ግድግዳው የወይን ጠጅ፣ ጣሪያው ቢጫ ነው። ቲኬት ቆራጩ እንደ አንበሳ አውቶቡስ አንድ ቦታ አይቀመጥም ነበር፤ ሁለቱንም ፎቅ እየዞረ ነው ሂሳብ የሚቀበለው።

እስከ 1968 ድረስ 2,876 ተመረተ። ከመደበኛ መስመር የወጣው ታኅሣሥ 2005 ነው፤ የመጨረሻው መስመር 159 ቁጥር ነበር። ብዙ ሰው አዝኗል፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን በዊልቸር የሚሄድ ሰው ሊሳፈርበት አይችልም ነበር፤ መቅረቱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው፣ ሻይና ኬክ እያቀረቡ ከተማውን የሚያዞሩ የግል ድርጅቶች ናቸው። አንዳንዶቹ እውነተኛ ሩትማስተር ነው የሚነዱት። ዋጋው ከተራ አውቶቡስ ጋር አይወዳደርም፤ ጠረጴዛ ስለተገጠመበትም ውስጡ እንደ ድሮው አይደለም። ለእናት ልደት ግን በጣም ያምራል።

ሦስተኛው በቶማስ ሄዘርዊክ ስቱዲዮ የተነደፈው አዲሱ ሩትማስተር ነው። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ በራይትባስ ፋብሪካ 1,000 ተሠርቷል፤ በ2012 በ38 ቁጥር መስመር ጀመረ። ሲወጣ መስኮቱ አይከፈትም ነበር፤ በሙቀቱ ሰው አማሮ አማሮ ኋላ የሚከፈት ተገጠመለት። የኋላ በሩን ክፍት አድርጎ መጓዙም ቀርቷል። መልኩን እወደዋለሁ፣ የድሮውን ግን አይተካልኝም። ጥሩነቱ በተራ የአውቶቡስ ሂሳብ መሳፈራችሁ ነው። ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፣ የባንክ ካርድ ያዙ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ አውቶቡስ ብትቀይሩ ድጋሚ አትከፍሉም።

የአክተኑ መጋዘን የሚከፈተው በተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው። የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቀኑን እዩ።