የባለቤቴ የእግር ጣት ሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር) «ከፀሐይ አይደለም» ተባለ፤ ለቪኤ ማመልከት ይችላል?

የሳሚ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ የአሜሪካ ጦር ውስጥ 6 ዓመት አገልግሏል። ከዚያ ውስጥ በፈረንጆች 2012 ዘጠኝ ወር ጅቡቲ፣ ካምፕ ሌሞኒየር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ጥቁር መስመር አየሁ። ጫማ መትቶኝ ነው አለ፣ ያየው ሐኪምም ያንኑ አለ። መስመሩ ግን እየሰፋ ሄዶ ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ቆዳው ላይ ወጣ፤ በመጨረሻ ባዮፕሲ ሲደረግ ሜላኖማ ተባለ። ባለፈው ኖቬምበር ጣቱ ተቆረጠ።
አሁን ለቪኤ፣ ለአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ለአካል ጉዳት ክፍያ አመልክት ስለው እሺ አይልም። «እግራቸውን ያጡ ልጆች አሉ፣ እኔ ለአንድ ጣት ብዬ አልሄድም» ነው መልሱ። ደግሞ የቆዳ ሐኪሙ ይሄ ዓይነቱ ከፀሐይ የሚመጣ አይደለም ስላለው፣ የጅቡቲ ፀሐይ ነው ያመጣብኝ ብሎ መከራከር እንደማይችል አምኗል። ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ከምን ልጀምር?

ነርስ ነኝ፦
እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። ሐኪሙ ልክ ነው። እንደኛ ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ሜላኖማ ሲይዘው ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ላይ ነው፤ መዳፍ፣ ውስጥ እግር፣ ጥፍር ሥር። አክራል ሜላኖማ ይሉታል። ቦብ ማርሌይን በ1981 የገደለው ከእግሩ ጣት ጥፍር ሥር የጀመረ ይኸው በሽታ ነው፣ ጣቱ ይቆረጥ ሲባል እምቢ ብሎ ነበር። ባልሽ እሺ ማለቱ ትልቅ ነገር ነው። የክፍያውን ነገር የሚያውቁት ይመልሱልሽ።

የኩዌት ተመላሽ፦
ፀሐይዋን ተዉአት። እናንተን የሚመለከተው ፓክት አክት ነው፣ ኦገስት 10 ቀን 2022 የተፈረመው ሕግ። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ወዲህ ጅቡቲ ያገለገለ ሰው ካምፕ ውስጥ ቆሻሻ ሲቃጠል ለሚወጣው ጭስና ለመርዛማ አየር ተጋልጧል ተብሎ ይታሰብለታል፤ ሜላኖማ ደግሞ በሕጉ ዝርዝር ውስጥ በስሙ አለ። ስለዚህ በሽታው ከምን እንደመጣ እሱ ማስረዳት የለበትም። እዚያ ማገልገሉንና ሜላኖማ እንዳለበት ማሳየት ነው። ሐኪሙ «ከፀሐይ አይደለም» ማለቱ አይጎዳችሁም።
ዛሬ ማታ ግን አንድ ነገር አድርጉ፦ ላመለክት አስቤያለሁ የሚለውን ማሳወቂያ አስገቡ፣ ቅጽ 21-0966። በስልክም በኢንተርኔትም ይሆናል። ዋናውን ማመልከቻ፣ 21-526ኢዜድን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ካስገባችሁና ከተፈቀደ ክፍያው ማሳወቂያው ከገባበት ቀን ጀምሮ ይታሰባል። እኔ ይህን ሳላውቅ ወረቀት ስሰበስብ ሰባት ወር አለፈኝ። ያ ገንዘብ አይመለስም።
ፓቶሎጂውንም፣ የባዮፕሲውን የላብራቶሪ ውጤት፣ አያይዙ፣ ሜላኖማ የሚለው ቃል ያለበትን ወረቀት። የሐኪም ቀጠሮ ማጠቃለያ ብቻ አይበቃም።

አቤል ከቨርጂኒያ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን ሌላ አንባቢ እንዳይሳሳት፦ ይህ ለሜላኖማ ነው። አብሮኝ ያገለገለ ነጭ ጓደኛዬ ትከሻው ላይ ቤዛል ሴል የሚባለው ሌላ የቆዳ ካንሰር ነበረበት፣ እሱ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። በአገልግሎት ጊዜ ፀሐይ እንዳቃጠለው ከሕክምና መዝገቡ አወጣ፣ ከዚያ የቆዳ ሐኪሙ «ከአገልግሎቱ ጋር የመያያዝ ዕድሉ ቢያንስ 50 በመቶ ነው» ብሎ ምክንያቱን ዘርዝሮ ጻፈለት። የተሳካለት በዚያ ነው።
ቪኤ ጉዳቱን ስለሚለካበት ፐርሰንት፦ ቀዶ ሕክምናው ዙሪያውን ሰፋ አድርጎ ቆዳ ከማንሳት ካለፈ፣ ወይም መላ ሰውነትን የሚያዳርስ እንደ ኬሞ ያለ ሕክምና ካለ፣ 100 ፐርሰንት ይሰጣል፤ ሕክምናው ባለቀ በ6 ወሩ እንደገና ይመረመራል። ጣት መቁረጥ ከዚያ በላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከምርመራው በኋላ የቀረው ጉዳት ነው የሚታየው፤ አውራ ጣት ብቻ ከሆነ የተቆረጠው 10፣ ከሥሩ ያለው የመሃል እግር አጥንት ጫፍ አብሮ ከተነሳ 30። የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርት የምትፈልጉት ለዚህ ነው። ከ30 ጀምሮ ለሚስትና ለልጆችም ይጨመራል።

ዳዊት፦
እህቴ፣ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ሰው ካጋጠመሽ ተይው። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ማንም ሊያስከፍል አይፈቀድለትም። አሜሪካን ሊጂንና ዲስኤብልድ አሜሪካን ቬተራንስ የሚባሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት፣ የክልልሽም የቬተራን ቢሮ በነፃ ይሠሩልሻል።
ሌላው፣ ካመለከታችሁ በኋላ ቪኤ የሚያዝዘው የምርመራ ቀን ነው። እኛ ሐበሾች «እንዴት ነህ?» ሲሉን አፋችን ላይ የሚመጣው «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው። መርማሪው ያንን ይጽፈዋል። ደረጃ ሲወርድ ሚዛኑን ካሳተው፣ ጫማ ካልሆነው፣ ሌሊት የሌለው ጣቱ የሚያመው ከሆነ እንዳለ ይናገር። አንቺም አብረሽ ሂጂ።

የሳሚ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አጠገቤ ተቀምጦ አነበበው፣ ዝም ብሎ ቆየና ዲዲ-214ቱን፣ ከጦሩ የተሰናበተበትን ወረቀት፣ ከሻንጣ ሥር አወጣው። ማሳወቂያውን አሁን አስገባን። ግን ዲዲ-214ቱ ላይ ጅቡቲ የሚል የለም፣ ምን እናድርግ?

የኩዌት ተመላሽ፦
ብዙ ሰው ላይ እንደዚያ ነው፣ አትደንግጡ። የስምሪት ትእዛዙን ፈልጉ፣ ከጠፋ የዚያን ጊዜ የደመወዝ ወረቀት፤ ለአደጋ ቀጠና የሚጨመረው ክፍያ እዚያ ላይ ይታያል። አብሮት የነበረ ሰው በቅጽ 21-10210 ይመስክርለት። ከጻፋችሁላቸው ቪኤዎች ራሳቸውም ከጦሩ መዝገብ መጠየቅ ግዴታቸው ነው፤ የክፍሉን ስምና የሄደበትንና የተመለሰበትን ወር ግን በትክክል አስቀምጡላቸው።